የውሰት ጎማ

ቦሎዋ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀራት፣
ያቺ ነጭ ፒክአፔ፣ ዓሣ የምጭንባት፣
በሌሊት ከአንሙት ደጅ ጎማ ተዋስሁላት።
«አራቱንም ፍታ፣ ማታ ግን መልስልኝ፤
ከሃያ አራት ቡሎን አንድ ብትጎድልብኝ
ወዳጄ አትበለኝ።»

ይበልጣል መካኒኩ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣
ከሥሯ ተጋደመ ካርቶን ተንተርሶ፤
ማርሚታዋን በቲማቲም ጣሳ ጠቀለለው፣
ያንቀላፋ ፍሬቻዋን በጥፊ ቀሰቀሰው፣
የወለሏን ቀዳዳ በምንጣፍ ሸፈነው።
«ከእንግዲህ» አለኝ፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣
«ከእንግዲህ የቀረው ጸሎት ነው።»

ጠዋት ምርመራው ደጅ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ፣
ሹፌር ሁሉ ቆሟል ከነኃጢአቱ።
አንዱ ጭሷን ያማል፣ አንዱ መሪዋን፣
አንዱ በምራቁ ያብሳል ፓራውልቷን፤
አንድ ሽማግሌ የተሰነጠቀ መስታወቱን እያሳየ
«ዳንግላ መንገድ ላይ ጠጠር ነው» ይላል፣
ማንም ሳይጠይቀው።
ቀይዋ እሳት ማጥፊያ ደግሞ ለሰልፉ ሁሉ አንዲት ናት፤
ከመኪና መኪና ትዞራለች
እንደ ሰርግ ቤት ኩባያ።

ባንቺአምላክ ወጣች በሰማያዊ ቱታ፣
እስክሪብቶ ጸጉሯ ውስጥ እንደ ወስፌ ሰክታ።
«ፍሬን ያዝ።»
ያዝሁ። መኪናዋ ወደ ግራ ሸሸች።
«ሁልጊዜ ነው?» አለች።
«ዓሣ ጭኜ ስመለስ ሐይቁ በግራዬ ነው፤
ለምዳው ይሆናል» አልኋት።
አልሳቀችም። ጻፈች።

«የእጅ ፍሬን።» ሳብሁት እስከ ትከሻዬ፤
ቀስ ብላ ተንሸራተተች፣ አይ የእኔ ጉዳዬ!
ከወንበሬ ሥር አወጣሁ ድንጋዬን፣
ቤዛዊት ዳገት ላይ ስንት ዓመት የያዘችኝን፤
ከብዛቱ ለስልሳለች፣ ጎማውን ታውቀዋለች።
ድንጋይዋንም ጻፈች።

ምንጣፉን ገለጠች። ከወለሉ በታች
መሬቱ ታየ፤ አንዲት ጉንዳን ታልፋለች።
«ይሄስ?»
«የበረዶው ውሃ፣ የቀረሶው ደም ነው፤
ዓመት እስከ ዓመት ይንጠባጠባል።
አገሩ ዓሣ ይበላል፤
እሷን ደግሞ ዓሣው በላት።»

ከዚያ የኋላ ቀኝ ጎማ ዘንድ ቁጢጥ አለች፣
ጎኑ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቀለም በጣቷ ዳሰሰች።
«ደህና አደርህ?» አለችው።
ጎማውን ነው። እኔን አይደለም።
«ማክሰኞ በሚኒባስ መጥቶ ነበር፤
ትናንት በሌላ ፒክአፕ፤
ዛሬ ባንተ። ሦስት ጊዜ አለፈ።
ቦሎውን ለእሱ ልለጥፍለት?»

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትሁ።
እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ዝናብ የጣለ ማታ፣ ዘንባባው መንገድ ላይ፣
ሳፋ የተሸከመች ሴት ብቅ ብትል ከላይ፣
በምን ታቆማለህ? ይሄ የሰው ጎማ
ያኔ ሰውየው ቤት ነው፣ ተኝቶ በጨለማ።»

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ወድቋል ይላል፤
ከሥሩ ዘጠኝ መስመር፣
የድንጋይዋ ሰባተኛው ላይ።

ስመለስ በሐይቁ ዳር አንድ ሰው አየሁ፤
ውሃ የጠጣች ታንኳውን ለፀሐይ አቁሟታል፣
ከደንገሏ ውሃ ይንጠባጠባል።
መርማሪ አላዘዘውም፤
ስትከብድበት እጁ ነገረው እንጂ።
ፍሬን ያዝሁ፣ ላየው ብዬ፤
መኪናዋ ወደ ግራ፣ ወደ እሱ ዞረች።
በሁለት እጄ መለስኋት።

ማታ ጎማዎቹን እያንከባለልሁ ብደርስ
አንሙት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።
«እህስ? አለፍህ?»
«ጎማህ አልፏል» አልሁት፣
«የወደቅሁት እኔ ነኝ።»
አልሰማኝም፤ ቡሎኑን ይቆጥራል።
ሃያ ሦስት።
ቀና ብሎ አየኝና
እንደገና ከአንድ ጀመረ።